መጽሐፉን ተዉትና ዶሮውን አምጡ

አምና ለገና አጎቴ ቤት ባዶ እጄን አልሄድኩም። ባዶ እጄን ብሄድ ይሻለኝ ነበር።

የያዝኩት መጽሐፍ ነው። የጃዋር መሐመድ «አልጸጸትም» ናይሮቢ ላይ ከተመረቀ ሦስት ሳምንት አልሞላውም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያነበበውም ያላነበበውም የሚያወራው ስለሱ ነበር። እኔ የጃዋር ደጋፊ አይደለሁም። (አጎቴ እንደሆንኩ እስከ ዛሬ ያምናል፤ ይመን።) መጽሐፉን የገዛሁለት እሱ መንግሥትን ስለሚወድ ነው። አጎቴ ዕድሜውን አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አሁን ትልቁ መዝናኛው በኮሪደር ልማት በተሠራ የእግረኛ መንገድ ላይ ሽር ማለትና ስንት አምፖል እንደተተከለ መቁጠር ነው። ስለዚያው መንገድ ስናወራ እኔ ቤታቸው የፈረሰባቸውን ሰዎች አነሳለሁ። በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ ወጡ መሃላችን ተቀምጦ የምንጨቃጨቀው ይሄንኑ ነው።

«ያንብበውና ዓይኑ ይከፈት» ብዬ ነበር ለጓደኞቼ ያወራሁት። ውሸቴን ነው። እንዲናደድልኝ ነበር የፈለግኩት።

አጎቴ መጠቅለያውን ሳይቀድ ቀስ ብሎ ፈታው። ሽፋኑን አየ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ተነስቶ ጓዳ ገባ። ሲመለስ የዐቢይ አሕመድን «የመደመር ትውልድ» ይዞ መጣ። «እኔም ላንቺ አስቀምጬልሽ ነበር» አለኝ፤ «በደንብ አንብቢው።» አክስቴ ድስቱን በጨርቅ ይዛ መሃላችን ቆማለች። ማን ላይ ቀድማ እንደምትጨልፍ የጨነቃት ትመስል ነበር። እኔ የሱን መጽሐፍ ሆን ብዬ ረስቼው ወጣሁ፤ እሱም የኔን አልገለጠውም። ሁለቱም ዛሬ ድረስ ቴሌቪዥኑ ሥር ጎን ለጎን ተጋድመዋል። አክስቴ አቧራቸውን አንድ ላይ ታራግፋለች።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከጥፋተኛ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ግን እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። በዓል ሲቃረብ ስልካችን ላይ ሁለት ዓይነት ምክር ይጎርፋል። አንዱ «ከነሱ ጋር በዓል የለኝም፣ እንኳን አደረሳችሁም አልልም» የሚል ነው። ሌላው ጨዋ ይመስላል፤ «አትራቋቸው፣ አስተምሯቸው» ይላል። መጽሐፍ ስጧቸው፣ ቲሸርት አልብሷቸው፣ ሊንክ ላኩላቸው። የመጀመሪያውን እቃወማለሁ። ሁለተኛውን ግን እጸየፈዋለሁ፤ ምክንያቱም ኩርፊያ ቢያንስ ስሙን አይቀይርም። ለአጎቴ በመጠቅለያ ወረቀት ጠቅልዬ የሰጠሁት «አንተ አላዋቂ ነህ» የሚለውን ቃል ነው። እሱም ያንኑ ቃል መለሰልኝ፤ ደግነቱ የሱ መጠቅለያ አልነበረውም።

«እንኳን አደረሰህ» የሚለውን ሰላምታ እስቲ ዝም ብላችሁ ስሙት። ከክረምቱ፣ ከበሽታው፣ ከጦርነቱ፣ ከኑሮ ውድነቱ ተርፈህ እዚህ ቀን ላይ ደረስክ ነው የሚለው። ስለ ሰውዬው አስተሳሰብ አንድም ቃል የለበትም። ለበዓል የሚወሰድ ነገር ሁሉ የዚህ ሰላምታ ማጀቢያ ነው፤ ዶሮውም፣ ቅቤውም፣ ዳቦውም፣ ለልጆች የሚሰጠው ሳንቲምም። ሰላምታው ላይ ቅድመ ሁኔታ ከጨመርንበት ሌላ ነገር ሆነ ማለት ነው። ያን ሌላ ነገር ለማድረግ ደግሞ በዓመት ከሦስት መቶ በላይ የሥራ ቀን አለላችሁ።

ስለ መጽሐፍ ካነሳሁ አይቀር፤ የፖለቲካ መጽሐፍ የሚሰጥ ሰው ሌላም ነገር ይረሳል። ብርሃኑ ነጋ «የነፃነት ጎህ ሲቀድ»ን የጻፈው እዚሁ ሰፈራችን፣ ቃሊቲ እስር ቤት ሆኖ ነው፤ ከምርጫ 97 በኋላ። በ1998 ውጭ አገር ታተመ። ያኔ ያን መጽሐፍ ለኢሕአዴግ ደጋፊ አጎቱ የሰጠ ወጣት ይኖራል ብዬ አስባለሁ፤ ምናልባት በፎቶ ኮፒ። ደራሲው ከ2014 ጀምሮ የትምህርት ሚኒስትር ነው። እንግዲህ ያ ወጣትና ያ አጎት ዛሬ በዓል ላይ ሲገናኙ ማን ለማን ይመልሰው? የአገራችን ፖለቲካ ከመጽሐፍ ሽፋን ቀድሞ ያረጃል። ድስት ግን ሃያ ዓመት ያገለግላል።

በ2014 ገና የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። ይሄኛው አያስቅም።

ያ ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ለገና አገሩ እንዲገባ ጥሪ ያደረጉበት ነው። ሌላዋ አክስቴ ከዋሽንግተን መጣች፤ ከስንት ዓመቷ። ሻንጣዋ ውስጥ ቸኮሌት፣ ቫይታሚን፣ የእናቴ ጫማ፣ ከዚያ ደግሞ «በቃ» የሚል የታተመባቸው ነጭ ቲሸርቶች ነበሩ። ያን ሰሞን በየአደባባዩ የሚለበሰው ነው፤ ምዕራባውያን እጃቸውን ያንሱ ለማለት። ልቧ ሙሉ ነበር፤ አላሾፍባትም። ለግቢው ሰው በሙሉ አደለች። ለአደይም ሰጠቻቸው።

አደይ ከግቢያችን ጥግ ያለችውን ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ስንት ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። ትግራይ ነው የተወለዱት፤ እኛ ልጆቹ «አደይ» የምንላቸው ልጃቸው እንደዚያ ስለሚጠራቸው ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ልጃቸው ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤት ሲመጣ ተይዞ ነበር። የት እንዳለ ሳይታወቅ ሳምንታት ቆጠርን። የተፈታው ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፤ ከስቶ፣ ዝም ብሎ። የትግራይ ስልክ ከተዘጋ ደግሞ ዓመት አልፎታል፤ አደይ እህታቸው በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቁም። አክስቴ ይሄን ሁሉ አላወቀችም። ከመጣች ሦስት ቀኗ ነበር፤ እኛም አልነገርናትም። ለምን እንዳልነገርናት አሁን ስጠየቅ መልስ የለኝም።

«እማማ፣ ይቺን ደግሞ ለእርስዎ» አለች። አደይ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሳሟት። አራት ቦታ አጠፉት። «ዕድሜ ይስጥሽ የኔ ልጅ» ብለው ገቡ።

በዚያው ገና ዕለት መንግሥት ጃዋርን፣ በቀለ ገርባን፣ እስክንድር ነጋንና የሕወሓት አንጋፋዎችን ጭምር እንደሚፈታ አስታወቀ። በዚያው ሌሊት ደደቢት ውስጥ የተፈናቃዮች መጠለያ በድሮን ተመትቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይሄን የሰማነው ዘግይተን ነው። በአንድ በዓል ላይ ስንት ዓይነት ስጦታ እንደተሰጠ አስቡት።

እናቴ በማግስቱ ለአክስቴ ነገሩን በሙሉ ነገረቻት። አክስቴ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያው ቦርሳዋን መፈተሽ ጀመረች፤ «ምን ልውሰድላቸው? ምን ላድርግ?» እናቴ ያለቻትን አልረሳም። «ምንም አትውሰጂ። ሄደሽ ቁጭ በይ።» ሄደች። ቡና እስኪያልቅ፣ ሦስተኛው እስኪጠጣ ተቀመጠች። ምን እንዳወሩ አላውቅም። ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015፣ ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ስልክም ቀስ በቀስ ተከፈተ። ለአደይ የደወለችላቸው የእህታቸው ልጅ ናት።

ቲሸርቱን በኋላ አየሁት። የምጣድ ማሰሻ ሆኗል። ጥሩ ጥጥ ነው፤ ለማሰሻ ይመቻል።

«እሺ፣ መፈክር የሌለበት ነገር እንገዛለና» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ሞክሩ። አንዲት ጓደኛዬ ለባሏ እናት ነጠላ ልትገዛ ሽሮ ሜዳ ወጣች። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥለት ያለው፣ «ምን ልትለኝ ፈልጋ ነው?» ያስብላል። ጥቁር ቀይ ነጭ ከሆነ ደግሞ የራሷ ወገኖች ይጠይቋታል። ጥቁር ብቻ ላድርገው እንዳትል፣ ጥር 2015 ሲኖዶሱ በጾመ ነነዌ ምእመናን ጥቁር እንዲለብሱ ካወጀ ወዲህ ጥቁርም ታሪክ አለው። በስተመጨረሻ ወርቃማ ጥለት ገዛች። ሸማኔው ሳቀባትና ዘንድሮ ወርቃማው ቶሎ ቶሎ ያልቃል አላት።

ካላንደርም ያው ነው። ለአዲስ ዓመት ከባንክ የተሰጣችሁን ካላንደር ለጎረቤት ማካፈል የቆየ ልማድ ነው፤ ምንም ወጪ የለውም። አሁን ግን የአማራ ባንክን ካላንደር ለማን፣ የኦሮሚያ ባንክን ለማን እንደምትሰጡ ቆም ብላችሁ የማታስቡ ከሆነ ወይ ቅዱስ ናችሁ ወይ ግድግዳ አይታችሁ አታውቁም። እንቁጣጣሽ ዕለት ሥዕል ይዘው የሚመጡት ልጆች እንኳ አልቀሩም። የሰፈራችን አንድ ሕፃን መልአኩን በክርዮን አሳምሮ ሥሎ ከጎኑ ባንዲራ ጨመረበት። ኮከቡን ረስቶታል። በ2001 የወጣው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ዓርማውን ግዴታ እንዳደረገ ልጁ ከየት ያውቃል? ሥዕሉን የተቀበለው ጎረቤት ብር ሰጥቶት ሲያበቃ «ማን ነው እንዲህ ብለህ ሣል ያለህ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ «እኔ ነኝ» አለ። እውነቱን ነበር።

ከፖለቲካ ንጹሕ የሆነ ዕቃ እንፈልግ ካልን እንግዲህ ከበያይነቱ በቀር ምንም አናገኝም። መፍትሔው ዕቃው ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሰውዬው ውስጥ ነው። የምንሰጠውን ሰው በደንብ አናውቀውም፤ አቋሙን ብቻ ነው የምናውቀው። አጎቴ ስለ ፌዴራሊዝም ምን እንደሚያስብ ከነነጥብና ሰረዙ ልነግራችሁ እችላለሁ። የጫማ ቁጥሩን አላውቅም።

ይህን ችሎታ ያጣነው ቅርብ ጊዜ ነው። ድሮ በጣም የተካንንበት ነበር። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ሙስሊም ጎረቤቱን ይጠራል፤ የክርስቲያን ሥጋ ግን አያቀርብለትም። ሙስሊም አራጅ፣ ሙስሊም ሠሪ፣ ለብቻው ድስት፣ ለብቻው ጠረጴዛ ይዘጋጃል። «ስትቀምሰው ሃይማኖትህን ትለውጣለህ» ብሎ አንድ ጉርሻ ሊያጎርሰው የሞከረ ደጋሽ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ነውር ነው። ቅቤ የተቀባ ድፎ ዳቦ በጾም ቀን ለጾመኛ መውሰድም ነውር ነው። በሃይማኖት፣ ማለትም በዘላለም ሕይወት ጉዳይ፣ ስንለያይ እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ በምርጫ ቦርድና በክልል ወሰን ስንለያይ ግን ሥጋችንን አፉ ውስጥ ካልጠቀጠቅን እንላለን።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ የቅርጫው ነገር ነው። ሰፈራችን ለገና በሬ የሚያርደው አብሮ ነው። ብሩን የሚሰበስበው፣ ከብት ገበያ የሚሄደው፣ ስለቱን የሚያዘጋጀው ሰውዬ የወረዳ ሠራተኛ ነው፤ ካድሬ ነው ይባላል፤ እሱም አይክድም። ባለፈው አንዱ የሰፈራችን ልጅ «ከካድሬ ጋር ሥጋ አልካፈልም» ብሎ በቴሌግራም ሌላ የቅርጫ ግሩፕ ከፈተ። ግሩፑ ሁለት መቶ ምናምን ሰው ገባበት፤ አስተያየቱ፣ ልቡ፣ እሳቱ ጉድ ነበር። ብር ያዋጡት አምስት ናቸው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ በአምስት ሰው የሚገዛ በሬ አለ? አንድ በግ ገዝተው ተካፈሉ። ልጁ ግን ስቶሪው ላይ «በነፃነት የበላነው» ብሎ ለጠፈው። አንጀቴን በላው፤ ግን ተሳስቷል።

የተሳሳተው ቅርጫ ምን እንደሆነ ስላልገባው ነው። በሬው ታርዶ ሲበለት መደቡ ቅጠል ላይ ተራ በተራ ይዘረጋል። ከሻኛው፣ ከጎድኑ፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው ለያንዳንዱ መደብ ይደረሳል። ከዚያ ዕጣ ይጣላል። የሚቆርጠው ሰው የትኛው መደብ ለሱ እንደሚወጣ አያውቅም፤ ስለዚህ አስተካክሎ ይቆርጣል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ በ1971 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የሚመስል ሐሳብ አንሥቶ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈበት፤ ሰው የራሱ ቦታ የት እንደሚሆን ሳያውቅ ሕግ ቢያወጣ ፍትሐዊ ይሆናል ነው ነገሩ። የሰፈራችን ካድሬ ሮልስን አላነበበም፤ ቢላዋ ይዞ ግን ከኔ እኩል መደብ ይቆርጣል። በዓመት አንድ ቀን ሥልጣን ያለው ሰው ዕጣ ፊት የሚቆምበት ቦታ ካለ እሱን ነው እንግዲህ ልጁ ጥሎ የወጣው። እኔ ብሆን ካድሬው እንዳይቀር በር እያንኳኳሁ እጠራዋለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ እኔ ወገን ልዙር፤ «እኛ ፍቅር ነን፣ አገር ነን» ወደምንለው። የአቃቂ ሰው የሆነ ሁሉ ያውቃል፤ በመስከረም መጨረሻ በእሬቻ ሰሞን የደብረ ዘይት መንገድ በመኪና ይሞላል። ነጭ የለበሰ ሰው፣ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ፣ ዘፈን፤ ሁሉም በደጃችን ነው ወደ ሆራ አርሰዲ የሚያልፈው። መስከረም 22 ቀን 2009 ሄደው ያልተመለሱትም በዚሁ መንገድ ነው ያለፉት። አብራኝ የተማረች የገላን ልጅ አለች። ገና ሲሆን ትደውላለች፤ ለፋሲካ እናቷ ቅቤ ትልክልናለች። አንድ ቀን፣ ሳትቆጣ፣ «አንቺ ግን በእሬቻ ደውለሽልኝ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አልደወልኩም። ለምን እንዳልደወልኩ ሳስበው መልሱ አሳፋሪ ነው፤ የኔ በዓል «ባህል» ነው፣ የሷ ደግሞ «ፖለቲካ» ነው ብዬ ሳላውቀው ወስኛለሁ። ማን ፈቀደልኝ? በመስከረም ደወልኩና ከሰው ተምሬ የያዝኳትን «ባጋ ጌሴ» አልኳት። አነጋገሬን ሰምታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ስጦታ የሚሰጠው በተቀባዩ ካላንደር ነው፤ በሰጪው ካላንደር የሚሰጥ ደግነት ለራስ የሚደረግ ድግስ ነው።

«ግፍ የደረሰበት ሰውስ? ወንድሙን የገደለበትን ወገን ለሚያወድስ ጎረቤቱ ዶሮ ይዞ ይሂድ ነው የምትዪው?» አይደለም። አደይ ለማንም ምንም ዕዳ የለባቸውም። ልጁ የሞተበት፣ ቤቱ በግሬደር የተደረመሰበት ሰው በዓሉን እንዴት እንደሚያሳልፍ እኔ ልነግረው አልችልም፤ በሩን ዘግቶ ቢውልም መብቱ ነው። እኔ የማወራው ስለኛ ነው፤ ጉዳቱን በስክሪን ስለምናየው፣ ኩርፊያውን ግን ከባለቤቱ ተበድረን ስለምናኮርፍ። የአደይ ልጅ ከእስር ወጥቶ ከዚያው ከካድሬው ጋር ቅርጫ ገባ። በሱ ስም የተጣሉት ግን እስከ ዛሬ አልታረቁም።

ሌላም ድንበር አለ፤ እሱን አልነካም። አጎቴ አንድ ጊዜ «ለበዓል ምን ልግዛልህ?» ስለው የፓርቲ የገቢ ማሰባሰቢያ ኩፖን አወጣ። «ይቺን ቁረጪልኝ፣ ሌላ አልፈልግም።» አልቆረጥኩም። በሌላ በኩል የቆመ አንድ ወዳጄም በልደቱ ቀን ጎፈንድሚ ልኮልኝ ነበር፤ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። ለሱም አልከፈልኩም፤ ኬክ ገዛሁለት። ለሰውየው የሚገዛና ለዓላማው የሚዋጣ የተለያየ ነገር ነው። ዶሮ ያው ዶሮ ነው፤ ተበልቶ ያልቃል። መዋጮ ግን ነገ ማን ላይ እንደሚውል አታውቁም።

ይሄን ሁሉ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። አቃቂ ቃሊቲ ያደገ ሰው በዓልን የሚያውቀው በእስር ቤት በር በኩል ነው። ቃሊቲም ቂሊንጦም እኛው ጋ ናቸው። «ዞን ዘጠኝ» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ የማታስታውሱ ካላችሁ፣ ቃሊቲ ስምንት ዞን ነበረው፤ ወጣት ጦማርያኑ ከግቢው ውጭ ያለውን አገር በሙሉ ዘጠነኛው ዞን አሉት፤ ሚያዝያ 2006 እነሱም ታሰሩ። እኛ እንግዲህ ከዘጠነኛው ዞን የመጀመሪያው ሰፈር ነን፤ አጥር ብቻ ነው የሚለየን። በበዓል ጠዋት ከሳሪስ በኩል የሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ብትገቡ የዶሮ ወጥ ሽታ ያፍናችኋል። ሁሉም ሴት ጉልበቷ ላይ ምሳ ዕቃ አለ። የአንዷ ልጅ በኦነግ፣ የአንዷ በግንቦት ሰባት፣ የሌላዋ በሌላ ነው የታሰረው። ወረፋ ይያያዛሉ። «ያንቺ ክዳኑ ላልቷል፣ በፌስታል እሰሪው» ይባባላሉ። ቂሊንጦ ነሐሴ 28 ቀን 2008 ሲቃጠል እንቁጣጣሽ ሊሆን ስምንት ቀን ነበር የቀረው። መንግሥት በኋላ የሞቱት 23 ናቸው አለ። ያን ሰሞን በሩ ላይ የቆሙት እናቶች እንጀራቸው እጃቸው ላይ ደርቆ፣ የማን ልጅ ይሁን ሳይጠያየቁ ይደጋገፉ ነበር።

እናቴ የሰፈራችን ልጅ ታስሮ ሳለ ለፋሲካ ስንቅ ይዛለት ትሄድ ነበር። የልጁን ፓርቲ ስሙን ሲጠሩባት ትቆጣለች፤ አገር አፍራሾች ነው የምትላቸው። ዶሮውን ስትሠራ አጠገቧ ነበርኩ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጨጓራውን ያመዋል መሰለኝ፣ በርበሬ ልቀንስለት?» ከተፈታ በኋላ ቤታችን መጥቶ ሁለት ሰዓት ተከራከሩ። አልተስማሙም። ሲሄድ እንቁላሉን ጠቅልላ ሰጠችው።

ዘንድሮ ለአጎቴ ምን ልውሰድለት ብዬ አክስቴን በስልክ ጠየቅኳት። ሌላ ሰው የጠየቃት ያህል ዝም አለች። ከዚያ «ሬዲዮው ተበላሽቶበታል» አለችኝ። ያ የድሮው፣ ከፋብሪካው በመጀመሪያ ደሞዙ የገዛው። ቲቪው አለ፤ ግን ጠዋት ቁርሱን ሲበላ መስማት የለመደው በሬዲዮ ነው፤ እኔ የምጠላውን ጣቢያ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። አክስቴ በፌስታል ጠቅልላ ሳታሳየው አወጣችልኝ። አቃቂ ገበያ ጫፍ ላይ ላለው ሬዲዮ ጠጋኝ ወሰድኩለት።

ሰውዬው ከፈታው፣ እፍ አለበት፣ አንድ ሽቦ በጥፍሩ ነካ። «ይሠራል» አለኝ። «አንቴናው ግን ተሰብሯል። ርካሽ አለ፣ ጥሩ አለ። ርካሹ ቅርብ ያለውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ጥሩው ሁሉንም ይስባል።»

ጥቂት አሰብኩ። ቅርብ ያለው የትኛው ጣቢያ እንደሆነ ጠየቅኩት። ነገረኝ፤ ያው ነው።

«ጥሩውን አድርግለት» አልኩት።

«ሐሙስ ነይ» አለኝ።